የሳኬ ጠማቂው ጨረቃ

ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ የሚጠምቀው ቶኩኤሞን በሐይቁ ዳር ከተማ የታወቀ ሰው ነው፤ ጨረቃ ግን ደርሳው አታውቅም። የግጥም ማኅበሩ የሚሰበሰበው እሱ ቤት፣ የሚጠጣውም የእሱ ሳኬ ነው። አንዱ ስንኝ ሲጥል ሌላው እየተቀበለ ሲሄድ፣ ስለ ጨረቃ የሚገጠምበት የክብር ተራ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ላይ ይወድቃል።

በዚህ መኸር ነገሩን አስቀድሞ አበጀ። ተራው ልክ ጨረቃዋ ላይ እንዲያርፍለት እንግዶቹን ራሱ አስቀመጠ። አዲስ የሐር ኪሞኖ ለበሰ፤ ሰማዩን እያየ ሊናገር ወለል ብሎ በተከፈተው በር አጠገብ ተሰየመ። ስንኙንም ከወር በፊት ጨርሶ፣ በጋኖቹ መሀል እየተንጎራደደ አጥንቶታል። ይኼ በማኅበሩ ዘንድ ነውር ነው። ስንኝ ከፊቱ ካለው ስንኝ እዚያው ይወለዳል፣ ከእሱም ጋር ብቻ ተጣምሮ አዲስ ሥዕል ይፈጥራል እንጂ ከቤት ተቋጥሮ አይመጣም።

ጥርሳቸው ያለቀው መነኩሴ መምህር ሮአን ስንኙን እየመዘኑ ሊጽፉ ብሩሻቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩ። ጨዋታው ተጀመረ፣ ሞቀም። ተራው ሐኪሙ ሶታን ጋ ሲደርስ እንዲህ አለ፦

«ጉንፋን የያዘው ሌባ
ከአጥር ሥር ተለጥፎ
ማስነጠሱን ሲታገል።»

ሳቁ በረድ እንዳለ ቀጣይዋ ሻማ ሻጯ ኦሪኩ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምላሷን የሚገታ የጠፋባት ሴት። ቶኩኤሞን ከእሷ በኋላ ነውና ጉሮሮውን ጠረገ። እሷም ረጋ ብላ፦

«ጨረቃዋ ብቅ ብላ
ፊቱን አጋለጠችው።»

ቶኩኤሞን ዘሎ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «እትዬ ኦሪኩ! ጨረቃ እኮ የሚቀጥለው ነው! የእኔ!»

«ቀድማ ከወጣች ምን ላድርጋት? በእጄ ልመልሳት?»

«መምህር፣ ይፍረዱኝ እንጂ!»

«ጨረቃን ማስቀደም ይፈቀዳል ልጄ» አሉ መምህሩ እየጻፉ። «ብትዘገይ ሌባው ያመልጥ ነበር።»

«ታዲያ ሽመላዬስ?» አመለጠው።

«የምን ሽመላ?» አለ ሐኪሙ።

«ነጩ ሽመላ ነዋ!» አለች ኦሪኩ። «ክንፉ ላይ ጨረቃ የምታርፍበት። ሠራተኞቹ ከእሱ ሰምተው ጋን ሲያጥቡ ያንጎራጉሩታል። ትናንት ሻማ ሊገዛ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ ወጣልኝ። አገር ያወቀውን ዛሬ እንደ አዲስ ‹ወይ ጉድ!› እያልኩ ልስማ?»

የቶኩኤሞን ፊት በርበሬ መሰለ። ሁሉም ያውቁ ኖሯል! በዚያ ላይ የራሱ በር የሚያስገባው ነፋስ በሐሩ ውስጥ ዘልቆ አጥንቱ ደርሷል። ትከሻውን አቅፎ በምሬት ጮኸ፦

«ወር ሙሉ ተዘጋጅቼ፣ አምሬ ለብሼ ብጠብቅ፣ ያተረፍኩት የመኸር ብርድ!»

መምህር ሮአን የቃላቱን ልክ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ ብሩሹን አነሱ።

«ምን ይጽፋሉ?» አለ ቶኩኤሞን ደንግጦ።

«ስንኝህን ነዋ።»

«ስንኝ አይደለም፣ ብሶት ነው!»

«ልኩ ሞልቷል። መጠራት የነበረበት መኸርም አለ። ደግሞ ተመልከቱ» አሉ መምህሩ ዓይናቸው እየበራ፤ «ሌባው ጠፋ። አሁን በጨረቃዋ የተጋለጠው ፊት የሴት ነው። ተኳኩላ ውሽማዋን ስትጠብቅ ያመሸች፣ እሱም የቀረባት። ቶኩኤሞን፣ ሠላሳ ዓመት ስናገጣጥም እንዲህ ያለ ነገር ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም!»

ሐኪሙ ጊዜ አላጠፋም፦

«በእንባ የቀለጠው ኩል
የድመት ጢም ሆነባት።»

ኦሪኩ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «አይዞሽ እህቴ፣ ወንድ ሁሉ እንደዚያ ነው» ብላ ቶኩኤሞንን ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። እሱም ለመቆጣት ሞከረ፤ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ፣ አዲሱ መቀነቱ እስኪላላ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልቻለውም። እስከ መጨረሻው ሲጠሩት «ሙሽሪት» ሆነ፤ እሱም «አቤት» እያለ ተቀበለ። ተራው በደረሰ ቁጥር የመጣለትን ይወረውራል፤ አንዳንዱን መምህሩ ይጥሉበታል፣ አንዳንዱን ያነሱለታል። ዙሩ በልማድ የሚዘጋበት የጸደይ ስንኝ ተጽፎ ሰዎቹ ጫማቸውን ሲፈልጉ፣ ቶኩኤሞን አዲስ ማድጋ ሳኬ ተሸክሞ መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ወዴት? አሁን ገና መሞቄ ነው። ተቀመጡ፣ ሌላ እንጀምራለን!»