ምንም የሚሠራ ነገር የሌለበት ባሕር

ፓሎሚኖን የመረጥኳት በሰደባት ሰው ምክንያት ነው። ሌሎቹ የባሕር ዳርቻዎች አድናቂያቸው ብዙ ነው፤ ካርታሄና ለጭፈራዋ፣ ሳን አንድሬስ ሰባት ዓይነት ቀለም አለው ለሚባለው ውሃዋ፣ ታይሮና በጫካ ውስጥ በእግር ለሚያስኬደው መንገዷ። ኢንተርኔት ላይ ፓሎሚኖ የምትባለው የኮሎምቢያ መንደር ስም ሥር ግን አንድ የተበሳጨ ሰው አንድ ኮከብ ብቻ ሰጥቶ እንዲህ ብሏል፦ «ማዕበሉ ያስፈራል፣ አይዋኝበትም። ኢንተርኔቱ አይሠራም። እዚህ ምንም የሚሠራ ነገር የለም።» ይህን ያነበብኩት ቶሮንቶ ውስጥ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ወደ ፔፕ ጣቢያ በሚወስደው ባስ ውስጥ፣ ወንበር አጥቼ፣ ብረት ተደግፌ ነው። ያን ሰው ባገኘው ጉልበቱን ስሜ አመሰግነው ነበር።

ስሜ ፋናዬ ነው፤ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሰው አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አስተኛለሁ። ሌላውን ሳስተኛ ውዬ ቤት ስገባ ሁለተኛው ሥራ ይጠብቀኛል። ባሌ ሃብታሙ እንግዳ ይወዳል። እንግዳ መውደድ የተባረከ ጠባይ ነው፤ ሽንኩርቱን ሌላ ሰው እስከከተፈው ድረስ። እሱ ይጠራል፣ እኔ እከትፋለሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት በዚህ ኖረናል። ዘንድሮ ግን ወገቤ እምቢ አለ። ሐኪሙ ክኒን ጻፈልኝና «እረፍት ያስፈልግሻል» አለኝ፤ እረፍቱን ከየትኛው ፋርማሲ እንደማወጣው ግን አልነገረኝም።

ስለዚህ ለሃብታሙ ነገርኩት። በማርች ብሬክ፣ ልጃችን ኤልያና ትምህርት በሌላት ሳምንት፣ ሞቃት አሸዋ ያለበት አገር እንሄዳለን። እኔ እተኛለሁ። እናንተ የፈለጋችሁትን አድርጉ። እሺ አለ።

መጀመሪያ ሰሞን እንደ ወትሮው ሁሉንም ይቃወም ነበር። ካርታሄና ስለው ሌባ፣ ሳን አንድሬስ ስለው ሩቅ፣ ፓሎሚኖ ስለው «እዚያ ምን ሊሠራ ነው ሰው የሚሄደው?» ይላል። ኤልያና ከስልኳ ቀና ሳትል «ካርታሄና ኢዝ ሶ ፕሪቲ፣ ማሚ» ትላለች፤ ፎቶዋ እንዲያምር ነው። እኔ ስከራከር ደስ ይለኝ ነበር። መምረጡ ራሱ ትንሽ እንደ ማረፍ ነው።

ከዚያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሃብታሙ ተለወጠ።

«አንቺ የወደድሽው ይሁን፣ ፋንዬ» አለኝ። «ብቻ ለጊዜው ቡክ አታድርጊ። ትንሽ እንቆይ።»

ይህ ሰው ለግድግዳ ቀለም እንኳ በአንድ ቃል ተስማምቶልኝ አያውቅም። ደነገጥኩ። ስልክ ሲደወልለት ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ ጠይባ ሳምቡሳ ይዛ መጣችና፣ ሌላ ጊዜ ሳቋ ሊፍቱ ውስጥ የሚሰማው ሴት፣ ዓይኔን ሳታይ ሰጥታኝ ሄደች። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሃብታሙ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል «ቅዳሜ ጠዋት ኦፍ ነሽ አይደል?» አለኝ።

ያኔ መርዶ ሊነግሩኝ እንደሆነ ጠረጠርኩ።

መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ በጠዋት ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ትልቅ ሰው ይናገራል። ቶሮንቶ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተጨምሮበታል፤ መርዶ ነጋሪዎቹ መጀመሪያ ሺፍትሽን ያጣራሉ። አውቀዋለሁ፣ እኔም አርድቻለሁ። ፓርክዴል ለሚኖረው ለፀጋዬ የወንድሙን ሞት ስንነግረው ኦፍ የሚሆንበትን ቀን ያጣራው ይኸው ሃብታሙ ነበር። እስከዚያ ድረስ ፀጋዬን ቤታችን ጋብዘን፣ አብልተን፣ አሥቀን ሸኝተነዋል። በመርዶው ጠዋት እኔ ከወንበሩ ኋላ ነው የቆምኩት፤ ሲወድቅ እንድይዘው።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ የደም ግፊት አለባት። ስልኳ ከማክሰኞ ጀምሮ አልሠራ ብሏል። ወንድሜ ዳዊት ጋ ስደውል «ደህና ናት፣ ተኝታ ነው» ይለኛል። በማግሥቱም ተኝታለች። ከዚያም በኋላ ተኝታለች። እናቴ በቀን ተኝታ አታውቅም፤ እኔ የወጣሁት በማን ሆነና።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ። አልጠየቅኩም። ካልጠየቅኩ አልሞተችም። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ መምረጤን ቀጠልኩ፤ ባስ ላይ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መጦሪያው ውስጥ አንዲት አሮጊት ሽንት ቤት እስክትጨርስ በር ላይ ቆሜ። ያንን ባለ አንድ ኮከብ ሰውዬ ደጋግሜ አነባለሁ። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ በሁለት ዘንባባ መካከል የታሰረ የገመድ አልጋ፣ ባዶ። ዓይኔ እሱ ላይ፣ ሆዴ ደብረ ብርሃን። ደክሞኝ ነበር፤ ለማልቀስ እንኳ ደክሞኝ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በሩ ተንኳኳ።

ፊት የገቡት ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው። በእኛ መካከል ባልና ሚስት ሲጣሉ እሳቸው ይጠራሉ፤ ሰው ሲሞትም እሳቸው ይጠራሉ። ከኋላቸው ባለቤታቸው እትዬ ብርሃነሽ፣ ከዚያ ጠይባና ባሏ ጀላል። ሁሉም ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። በየካቲት ቶሮንቶ ውስጥ ጥቁር ካፖርት ያልለበሰ ማን አለ? ያን ጊዜ ግን ይህን ማሰብ አልቻልኩም። እነሱ ሶፋው ላይ ሲደረደሩ እኔን ሃብታሙ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጠይባ መቀመጫ አጥታ ከኋላዬ ቆመች። የምትይዘኝ እሷ ናት ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ ልጄ ፋናዬ» አሉ። «ሰው ያለ ሰው አይኖርም። በዚህ በሰው አገር የመጣውን ሁሉ የምንችለው አብረን ስንሆን ነው። አንቺም አስተዋይ ነሽ። አሁን የምንነግርሽን ነገር በጸጋ…»

«እማዬን!» ብዬ ጮህኩ። ከወንበሩ ስንሸራተት ጠይባ በእውነትም ያዘችኝ።

እዚህ ላይ ያየሁትን ሳልደብቅ ልናገር። ስወድቅ ከኀዘኑ ቀድሞ የመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውነቴ ተፈታ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ታየኝ፤ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ እኔ እሱ ላይ እሆናለሁ። ሰው ይመጣል፣ ግን ምግቡን ይዞ ነው የሚመጣው። ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ከትፎታል። ሥራ ቦታዬ ተደውሎ ይነገርልኛል። «ፋናዬ፣ ተነሺ» የሚለኝ የለም፤ ልነሣ ብል እንኳ «ተይ፣ አርፈሽ ተኚ» ይሉኛል። ተመስገን፣ ልተኛ ነው አልኩ። በእናቴ ሬሳ ላይ።

«ኧረ በስመ አብ! ማን ሞተ አለሽ?» የእትዬ ብርሃነሽ ድምፅ ነው።

«ፋንዬ! ማንም አልሞተም! እማማ ደህና ናት!» ሃብታሙ ፊቱ አመድ መስሏል።

ኤልያና በፒጃማ ከክፍሏ ወጣች። ካፖርቶቹን አየች፣ እኔን መሬት ላይ አየች። «ማሚ? ሁ ዳይድ?» አለች።

«ኖባዲ!» አላት አባቷ። ልጅቱ አላመነችውም፤ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። በዚያ እሑድ ሃብታሙ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስለ ጉዟችን አወራ። ጋሽ ወልደገብርኤል «እኛንስ ጥላችሁ?» አሉት፤ ለጨዋታ ይሁን ለእውነት አላወቀም። ይሉኝታ ያዘውና «ምን ችግር አለ፣ አብረን ነዋ!» አለ። ማታውን ለጀላል ነገረው፤ ነግሮ ዝም ማለት ነውር ሆነበትና እነሱንም ጠራ። ጀላል ለወንድሙ ነገረ፤ ወንድምየውም ከነቤተሰቡ ገባ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እንግዶቼን ጅብ ማለቴ አይደለም፣ አጥሩን የቀደደው ግን ባሌ ነው። ሳንታ ማርታ የምትባል ከተማ ዳር ሁሉንም የሚይዝ ትልቅ ቤት አግኝቷል። በኮሪደር ሲያወራ የሰነበተው ስለዚህ ቤት ነው። ለእኔ መናገር ሲፈራ ሽማግሌ ላከብኝ።

«ኪችኑ ግን በጣም ሰፊ ነው» አለ ሃብታሙ፣ እንደ ምሥራች። «ስቶቩ ባለ ስድስት እሳት ነው።»

«ወላሂ፣ መጀመሪያ ለእሷ ንገራት ብዬው ነበር» አለች ጠይባ ከኋላዬ። «ዓይንሽን ማየት አቅቶኝ ነው የሰነበትኩት።»

ጋሽ ወልደገብርኤል ተረጋጉ። «በይ እሰይ፣ እናትሽ አለች፤ ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ!» አሉ። «ስለ ጉዞው ደግሞ፣ ልጄ፣ አብሮ መብላት በረከት ነው። አንቺ እንደሆንሽ እጅሽ ሙያ ያውቃል…»

ቱግ አልኩ። ሳልጮህ ነው ግን፤ ለመጮህም ጉልበት ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «እናቴ ሞተች ብዬ ስወድቅ መጀመሪያ የመጣልኝ ለቅሶ አይደለም። አሁን ያስተኙኛል ነው ያልኩት። ደስ አለኝ፣ ጋሼ። እናቴ ሞታ ደስ አለኝ።»

ሃብታሙ «ፋንዬ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ኤልያና አማርኛው ምን ያህል እንደገባት አላውቅም፤ እጄን ግን አጥብቃ ያዘች።

«ደውሉላት» አሉ እትዬ ብርሃነሽ። «ድምፅዋን ሳትሰማ አትረጋጋም።»

ሃብታሙ የዳዊትን ስልክ ደወለና ስፒከር ላይ አደረገው። እናቴ መጣች። ስልኳ ውሃ ገብቶበት ነው። ጉንፋን ይዟት ሰንብታለች። «ተኝቼ ነበር፤ ምነው፣ መተኛት ክልክል ነው እንዴ?» አለች። ይህን ስትል እንባዬ መጣ፤ የሳምንቱ ሁሉ እንባ።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

ልዋሻት ፈለግሁ፤ መዋሸትም ሥራ ሆነብኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ባሕሩን፣ ካፖርቶቹን፣ ፍራሹን፣ ተመስገን ማለቴን። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«እኔ ሞቼ ቢሆን ስንት ቀን ያስተኙሽ ነበር?» አለች።

«እንጃ፣ እማዬ። ሳምንት።»

«የምትሄጂበት ባሕርስ?»

«ሳምንት።»

«ታዲያ ምን ለየው?» አለች። «እኔን ሳትገድዪ ተኚ።»

ጠይባ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ስታለቅስ ሰማኋት። ሃብታሙ እናቴን ተሰናብቶ ስልኩን ዘጋና ወለሉን ያይ ጀመር። ከዚያ ተነሥቶ ሶፋው ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ጀላል፣ ይቅርታ» አለ። «የጠራኋችሁ እኔ ነኝ። ግን አይሆንም። ለወንድምህም፣ ጀላል፣ እኔው ራሴ ኮል አደርግለታለሁ።»

ባሌ ለእንግዳ «አይሆንም» ሲል የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጥቶ ነበር። አሳዘነኝ፤ ተናድጄበትም አሳዘነኝ። ጀላል ተነሥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ጋሽ ወልደገብርኤል ቆባቸውን አንሥተው በእጃቸው ያዟዙሩት ጀመር።

እትዬ ብርሃነሽ ግን አልተነሡም። «ለመሆኑ አንቺ የቱን ነው የመረጥሽው?» አሉኝ።

ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ስላልያዙ ጠይባ ጎንበስ ብላ የባለ አንድ ኮከቡን ሰውዬ ቃል ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። አይዋኝበትም። ኢንተርኔት የለም። ምንም የሚሠራ ነገር የለም።

«የመጨረሻዋን ድገሚያት» አሏት።

ደገመችላቸው። እትዬ ብርሃነሽ አምስት ልጅ አሳድገው፣ አሁን የልጅ ልጆቻቸውን የሚጠብቁ፣ ባላቸው በየቤቱ ሲያስታርቁ ሲውሉ ቤታቸው እንግዳ ጠፍቶበት የማያውቅ ሴት ናቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው የገመድ አልጋውን ፎቶ አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባላቸው እንዳይሰሙ ይመስል፣ ጠየቁኝ።

«እንዲህ ያለ ሌላ አላቸው?»

«ይኖራቸዋል፣ እትዬ። ግን ቦታው ኪችን የለውም።»

«እሱንማ ሰማሁ» አሉ፤ ስልኩንም አልመለሱልኝም።