ወደ ላይ ተመልከቺ

ልጄን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ጠበቃዋ» ይላታል። ገና አሥር ዓመቷ ነው፤ ክርክር ከጀመረች ግን ማን ይችላታል! እናም ሰኞ ጠዋት፣ ልክ በሒሳብ ፈተናዋ ቀን፣ «እማዬ፣ ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል፤ ወደ ላይ ሳይማ ያስመልሰኛል» ስትለኝ ሳቅኩባት።

«ፈተናውም ሁለት ይሆንልሻላ! ሁለቱንም ሠርተሽ ነይ።»

እሑድ አልጋ ላይ ሲዘሉ የአጎቷ ልጅ ጉልበት ግራ ዓይኗን መትቷት ነበር። አገላብጬ አየሁት፤ አላበጠም፣ ደም አልቋጠረም፣ ነጩም እንደነጣ ነው። እኔ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት መድኃኒት ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ማን ሊያስተምረኝ! ለሆዷ የትውከት ማስታገሻ ሰጠኋት። ማክሰኞም «ሁለት ሁለት» አለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ማታ ያንኑ ደግማ ስታነሣብኝ «አንቺ ቀጣፊ!» ብዬ ጮኽኩባት። ረቡዕ ደረጃ ስትወጣ ሽቅብ ቀና ብላ ለማየት ስትሞክር ራሷን ስታ ወደቀች።

ሆስፒታል የፊት አጥንት ቀዶ ሐኪሙ የራጅ ምስሏን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየኝ።

«ዓይን የተቀመጠበት ጉድጓድ ወለሉ እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው። የአዋቂ ሲሆን ተሰብሮ ይቀራል። የልጅ አጥንት ግን ለጋ ስለሆነ እንደ በር ይከፈትና ተመልሶ ይዘጋል። ሲዘጋ ዓይኗን የሚያንቀሳቅሰውን ጡንቻ ቆንጥጦ ያዘው። ከውጭ ምንም አይታይም፤ የሚያስመልሳትም፣ ራሷን ያሳታትም እሱ ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ሁለት ሁለት ይታየኛል አላለችዎትም?»



«ብላኛለች» አልኩ።

በታችኛው የዓይን ቆቧ ውስጥ ገብተው ጡንቻውን ከስንጥቁ አላቀቁት፤ ዳግም እንዳይያዝም ወለሉ ላይ ስስ ንጣፍ አኖሩለት። «አጥንቱ ተጠግኗል» አለኝ ሐኪሙ። «ጡንቻው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ደም እንደልብ አላገኘም። ዓይኗን ማንሣት መቻሏን ከስድስት ሳምንት በኋላ እናያለን።»

ስድስቱን ሳምንት ራሴን ስረግም ከረምኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ፊቷ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ከግንባሯ በላይ አነሣ።

«ራስሽን ሳታንቀሳቅሺ ወደ ላይ ተመልከቺ።»

ቀኝ ዓይኗ ወደ ላይ ተነሣ። ግራው መሃል ላይ ቀረ። እሱም አየ፣ እኔም አየሁ።

«ስንት እስክሪብቶ ይታይሻል?»

ጠበቃዋ ከመመለሷ በፊት ዞር ብላ አየችኝ። እንባዬን መያዝ አቅቶኝ ነበር።

«አንድ» አለች። «አንድ ነው እማዬ፣ አታልቅሺ።»

ልጄ የዋሸችኝ ያን ጊዜ ነው።