የግመሉ አንገት

ልጄ ልዕልት የምታጠናው ድንጋይ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሳይንስ» ብዬ አልፋለሁ፤ እውነቱ ግን ድንጋይ ነው። እዚህ ጀርመን፣ ሪድበርግ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ድንጋይ ስትሰብር፣ ድንጋይ ስትመዝን፣ ድንጋይ በማጉያ መነጽር ስታይ ትውላለች። ጋሉስ ሰፈር ያለው ቤታችን የመስኮቱ ደፍ ላይ ቅቤ የሚመስል ድንጋይ፣ ጉበት የሚመስል ድንጋይ፣ ምንም የማይመስል ድንጋይ ተደርድሯል። አቧራ ስጠርግ እያነሳሁ መልሼ በየቦታው አስቀምጣለሁ። ቦታቸውን ካሳሳትኩ ታውቅብኛለች።

መጀመሪያ ወድጄው ነበር። ድንጋይ በሽታ አያስተላልፍም፣ መኪና አይነዳም፣ አያታልልም ብዬ። ድንጋይ ፍለጋ ውቅያኖስ ዳር ድረስ ተሂዶ ገደል እንደሚወጣ ማን ነገረኝ?

ባለፈው ግንቦት ከክፍሏ ልጆችና ከአስተማሪያቸው ጋር ወደ ፖርቱጋል ሄደች። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ጽዳት ነው የምሠራው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ትራም ውስጥ ቆሜ ሳለሁ፣ በቪዲዮ ደወለችልኝ።

«እማ፣ ጉክ ማል፣ እዪ!» አለችና ስልኩን ወደ ፊት አዞረችው።

ውቅያኖሱ ስልኬን ሞላው። ከአሸዋው ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ የድንጋይ ተራራ ብቻውን ቆሟል። ትልቅ አይደለም፤ ከተማችን ውስጥ ጊንሃይም ሰፈር ካለው ረጅም ማማ አጠገብ ቢያቆሙት ጉልበቱ ጋ አይደርስም። ግን ቅርጹ የፍጡር ነው፤ ጉብ ያለ ጀርባ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ቀጭን አንገት፣ ከዚያ ወደ ውኃው ያዘነበለ ራስ።

«የመንደሩ ሰዎች ግመሉ ነው የሚሉት። ተንበርክኮ ሲጠጣ አይመስልም?»

«እሱ ይጠጣ። አንቺ ከታች ሆነሽ እዪው።»

«እማ! እየወጣን እኮ ነው።»

«በምን ጫማ?»

ጫማዋን አሳየችኝ። ከዚያ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ድንጋይ አየሁ፣ ሰማይ አየሁ፣ የጓደኛዋን ተረከዝ አየሁ፣ ደግሞ ሰማይ። ወዲያው ከባሕሩ በኩል ጉም መጣ። ልክ እንደ ወተት ስክሪኑ ላይ ፈሰሰ፤ ሁሉም ነጭ ሆነ። ከነጩ ውስጥ «እማ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ስልኩ ተቋረጠ።

እኔ ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድሜ የማየው ሰው ነኝ። ልዕልት ስታስል ሳንባዋ ይታየኛል፤ ብስክሌት ስትጠይቀኝ የጭነት መኪናው ይታየኛል። ያኔም ትራሙ ፌርማታው ሳይደርስ ልጄ ከግመሉ አንገት ላይ ስትወድቅ አየሁ። ጃኬቷ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ አየሁ። ቢጫ ጃኬት ነው፤ ከሩቅ እንድትታይ ብዬ የገዛሁላት እኔው ነኝ።

ስለት መሳል ልማዴ ነው። ለትርፍ አንጀቷ ጃንጥላ፣ ለመንጃ ፈቃዷ ጃንጥላ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ለአቢቱር ፈተናዋ የመቅደስ መጋረጃ አስገብቻለሁ። ቄሳችን አባ ዘመንፈስ «ጋሉስ ላይ የጥፋት ውኃ ቢወርድ በአንቺ ጃንጥላ ነው የምንጠለለው» ይሉኛል። ያን ቀን ግን ጃንጥላ አነሰብኝ። የትራሙን ብረት ጨብጬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን በሰላም አውርድልኝ፤ እኔ ራሴ እዚያው ግመል ራስ ላይ ወጥቼ ጧፍ አበራልሃለሁ» አልኩ።

ያልኩትን ራሴም የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ሳብ አደረገች።

ቤት ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ልዕልት ደወለች።

«አኩው፣ ባትሪው አልቆ ነው እማ። አሌስ ጉት፣ ሁሉም ደኅና ነው።»

«ወጣሽ?»

«ወጣሁ፣ ወረድኩ። ደክሞኛል፣ ቹስ» ብላ ዘጋችው።

ድምፅዋ ቀጠን ብሎ ነበር፤ ድካም ነው አልኩ። እልል አልኩ። ከዚያ የኩሽናው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ምን እንደተሳልኩ አስታወስኩ።

እዚህ በጋ የሚባለው የአገራችን ክረምት ነው፤ ያን በጋ ግመሉ ጋሉስ መጣ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ማይንዘር ላንድሽትራሰ በሚባለው የሰፈራችን አውራ መንገድ ላይ፣ በትራሙ ሐዲድ መሐል፣ ቀስ እያለ ሲሄድ አየዋለሁ። እርጥብ ነው። ከሆዱ የባሕር ሣር ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። ማንም አይደነቅበትም፤ ትራሙ እንኳ ቆሞ ያሳልፈዋል። እኛ ፌርማታ ላይ ሲደርስ ይንበረከክና አንገቱን ወደ መስኮቴ ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ወጥቼ አንገቱ ላይ እራመዳለሁ፤ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል እወድቃለሁ። ስነቃ ከንፈሬ ጨው ጨው ይለኛል።

ከታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ኣልኣሚን የምጽዋ ሰው ናቸው። እኛ ሳንመጣ ብዙ ዓመት ፋብሪካ ሠርተው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ደረጃው ላይ ሕልሜን ስነግራቸው ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ።

«ግመል የባሕር ውኃ አይጠጣም፣ አንቺ።»

«ይሄኛው ይጠጣል ጋሼ።»

«እንግዲያው ግመል አይደለም። ሂጂና እዪው።»

«ዋና አልችልም እኮ!»

«ተራራ ነው አላልሽኝም? ወላሂ፣ ተራራ ላይ ማን ይዋኛል?»

በሐምሌ ልዕልት ሌላ ነገር ይዛ መጣች። ዳቦ እየቆረሰች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «መርከብ» አለች። ከባሕር ወለል ጭቃና ድንጋይ እያወጣ የሚመረምር መርከብ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ፋሲካ ሰሜኑን ውቅያኖስ ይዞራል። ለተማሪዎች ጥቂት ቦታ አለው፤ አንዱ ለእሷ ደርሷታል። በጋው ሳያልቅ መልስ መስጠት አለባት።

ምን እንደታየኝ መናገር አያስፈልገኝም። ቢጫ ጃኬት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከራከረኛለች፤ በጀርመንኛ ትጮህብኛለች፤ በሩን ታላትማለች። ያን ቀን ግን «አላውቅም፣ ላልሄድም እችላለሁ» ብላ ዳቦዋን በላች። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ራሱ አስፈራኝ። ስለቱን ሳልከፍል ተጨማሪ የምቀበል መሰለኝ። የተሳለውን የሚረሳን ሰው የተሰጠውን መልሰው የሚጠይቁት ይመስለኛል፤ እኔ ደግሞ የተሰጠችኝ አንድ ልጅ ናት።

አባ ዘመንፈስ ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ስለቱን በጃንጥላ ይለውጡልኝ።»

«ጉልበትሽን ያምሻል?»

«አያመኝም፣ ይመስገን።»

«ልብሽንስ?»

«ልቤ ይመታል እንጂ አያመኝም።»

«ኡርላውብ ከለከሉሽ?»

«ኧረ ፈቃድ አለኝ፤ ነሐሴ ላይ ነው።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምለውጥልሽ?» አሉና ሳቁ። ከጧፉ ጥቅል አንድ መዝዘው ሰጡኝ። «ባሕር ዳር ነፋስ አለ። ክብሪት አብዝተሽ ያዢ።»

ለልዕልት ስነግራት የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። «ብቻሽንማ አትሄጂም» አለችኝ።

በየቀኑ የማጸዳውን አዳራሽ ሻንጣ እየጎተትኩ አለፍኩበት። የሥራ ጓደኛዬ አዳነች መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ «እመቤት፣ እግርዎን ያንሡልኝ፣ ልወልውል ነው» አለችኝ። ስቄ ስጨርስ ደመና ላይ ነበርኩ።

ግመሉን በጠዋት አገኘነው። ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር፤ አሸዋው እርጥብ መስታወት መስሎ ሰማዩን ተኝቶ ያያል። የባሕሩ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ትራም ይመስላል፤ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አይደርስም። እጄን አለቱ ጎን ላይ ሳሳርፍ ሞቀኝ። ፀሐይ ነች፤ ቢሆንም የእንስሳ ገላ መሰለኝ።

«ይሄ ሁሉ የባሕር ወለል ነበር እማ» አለች ልዕልት። «ጭቃ ነበር። ተኝቶ ተኝቶ፣ ከዚያ ተነሣ።»

«ማን ቀሰቀሰው?»

«ከታች ገፉት።»

ጀርባው ላይ የሚወጣው መንገድ ጠባብ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። እያንዳንዱን ድንጋይ በጫማዬ ነካ ነካ አድርጌ ካላመንኩት አልረግጠውም ነበር። ቁጥቋጦዎቹ ማር ማር ይሸታሉ። ነጫጭ ወፎች ዓይናቸውን ጨፍነው ነፋስ ላይ ቆመዋል፤ ወይ አይወድቁ፣ ወይ አይሄዱ። መጀመሪያ ልዕልት ከፊት ነበረች። ከዚያ ጎን ለጎን ሆንን። ከዚያ ወሬዋ ቀነሰ፤ ዞር ስል ከኋላዬ ናት።

አንገቱ ጋ ደረስን። ከቤታችን ኮሪደር ብዙ አይረዝምም፤ ስፋቱም የኮሪደሩን ያህላል። ግድግዳ ብቻ ነው የሌለው። በግራ ውኃ፣ በቀኝ ውኃ። ልክ ያን ጊዜ ጉሙ መጣ። በመጀመሪያ የግመሉን ራስ፣ ከዚያ ባሕሩን፣ ከዚያ የመጣንበትን ጀርባ ወሰደው። የቀረን የቆምንበት ድንጋይና የማይደርሰው ትራም ብቻ ሆነ።

ልዕልት ቁጭ አለች።

«እማ፣ እንመለስ።»

«ጫማሽ ነው?»

«ኢሽ ካን ኒሽት» አለች፤ አልችልም ማለቷ ነው። ስትፈራ አማርኛው ይጠፋታል። ጉልበቷን አቅፋ «ያን ቀን አልወጣሁም» አለችኝ። «እዚህ ነው የተቀመጥኩት። ሌሎቹ አለፉ፤ እኔን አስተማሪያችን እጄን ይዞ አወረደኝ። አኩው አላለቀም ነበር። ሳለቅስ እንዳታዪኝ ነው ያጠፋሁት።»

ጉልበቷን ይበልጥ ወደ ደረቷ ሳበችው።

«እዚህ የሚቀመጥ ሰው መርከብ ላይ ምን ይሠራል? ከዚህ ስንመለስ አልመጣም ብዬ ልጽፍላቸው ነው።»

በጋውን ሙሉ የለመንኩት ነገር እጄ ላይ ተቀመጠ። «እሺ፣ እንመለስ» ማለት ብቻ ነው። ልጄ ሪድበርግና ቤት፣ ቤትና ሪድበርግ ትላለች፤ ቢጫው ጃኬት የበሩ መስቀያ ላይ ይከርማል። ለሚካኤልም ጉም ነው የከለከለኝ እለዋለሁ፤ ጉሙን ያያል።

ጃኬቷን አየሁት። ያየሁት ያው ቢጫ ነው። ግን አልተንሳፈፈም፤ ውስጡ ልጄ እየተንቀጠቀጠች ተቀምጣለች። እኔ ግን አልተንቀጠቀጥኩም። አልፈራሁም አልልም። ፈርቻለሁ፤ ግን ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የምፈራውን ያህል ነው። ከእኔ በላይ ይህን አንገት የሚያውቀው አልነበረም። በጋውን ሙሉ እዚህ ስወድቅ ነው የከረምኩት።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምን ይታይሻል?»

«ስወድቅ።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

«እኔ በቀኝ ነው የምወድቀው። ከወደቅሽ በኋላስ?»

«ምን ማለት ነው ከወደቅሽ በኋላ?»

«እኔ እስከ ቀብሩ ድረስ ነው የማየው። አባ ዘመንፈስ ከፊት፣ ያስገባኋቸው ጃንጥላዎች ሁሉ ተዘርግተው ከኋላ።»

ሳታስበው ሳቀች። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«በየቀኑ እንደዚህ ነሽ?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ እንዴት ነው ሥራ የምትሄጂው?»

«እያየሁት እሄዳለሁ። ትራሙ አይጠብቅም።»

ጉሙ ቅንድቧ ላይ ውኃ ሆኖ ተቀምጧል።

«ቆመሽ መሄድ አለብሽ ያለሽ ማነው?» አልኳት። «ግመል ተቀምጠው ነው የሚጋልቡት።»

ከፊቷ ሆኜ ድንጋዩን እንደ በቅሎ ተፈናጠጥኩት፤ አንድ እግሬን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ሰደድኩ። «ያዢኝ» አልኳት። ወገቤን ያዘችኝ። በእጄ እየተደገፍኩ ስንፏቀቅ፣ እሷም ስትንፏቀቅ፣ ነጩ ውስጥ ገባን። ከፊት ምንም የለም፤ ከኋላ ምንም የለም። ከጊዜ በኋላ የምንሄደው እኛ መሆናችን ጠፋብኝ። ግመሉ ተነሥቶ መሄድ የጀመረ መሰለኝ፤ ቀስ እያለ፣ እየተወዛወዘ፣ ሁለታችንን ይዞ። የልጄ ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ሞቅ ይል ነበር። ሕፃን ሆና አዝያት ስሄድ ነበር እንዲህ የሚሞቀኝ።

«እማ» አለች ከኋላዬ፣ «ቆሟል።»

አንገቱ አልቆ ራሱ ላይ ነበርን።

እዚያ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ጧፉን አወጣሁ። ክብሪት ጫርኩ፣ ጠፋ። ሌላ ጫርኩ፣ ጠፋ። ይበልጥ የፈራሁት ያኔ ነው፤ እዚህ ደርሼ ሳላበራ ልመለስ ነው ብዬ። ልዕልት ጃኬቷን አወለቀችና በሁለታችን ራስ ላይ ጣለችው። ጫፍ ጫፉን በጉልበታችን አጥብቀን ያዝነው። ውስጡ ጸጥ አለ። ክብሪቱ ያዘ፤ ጧፉ በራ። ጨርቁ፣ እጃችን፣ ፊቷ፣ ሁሉም ቢጫ ሆነ። ከዚያ በፊት ያ ቀለም እንዲህ የሚያምር አይመስለኝም ነበር።

«ሚካኤል፣ ይኸው» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ከጃኬቱ ስንወጣ ጉሙ ተቀዶ ነበር። ልዕልት ጫፉ ድረስ ሳትሄድ፣ ከተቀመጠችበት፣ አንገቷን አስግጋ ውቅያኖሱን ብዙ አየችው።

«ትልቅ ነው» አለች።

«ትልቅ ነው። ጻፊላቸው።»

«ምን ብዬ?»

አንደበቴ እምቢ እንዳይለኝ ቶሎ አልኩት። «እመጣለሁ ብለሽ። ከፈራሁ ተቀምጬ እመጣለሁ በያቸው።»

ጥቅምት ላይ ሄደች። መስቀያው ባዶ ነው። ድንጋዮቿን አሁንም እጠርጋቸዋለሁ፤ ባሳስትም የሚያውቅብኝ የለም፣ ቢሆንም አላሳስትም። ጋሽ ኣልኣሚን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ግመሉስ?» ይሉኛል። «ሄደ ጋሼ» እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው፤ ጋሉስ መምጣት ትቷል።

ትናንት ከሥራ ስመለስ፣ ትራም ውስጥ፣ ከመርከቡ ደወለች። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ቢጫ አየሁ፤ ከዚያ ግራጫ ውኃ፣ ከዚያ ነጭ። ከነጩ ውስጥ ሳቋ ተሰማኝና መስመሩ ተቋረጠ።

ብረቱን ጨበጥኩ። ጃኬቱ ታየኝ፤ እስከ ቀብሩ ድረስ ሁሉም በየተራ ታየኝ። «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ» አልኩ፤ ሰዎቹ ዞር አሉ። ቀጥዬ «እኔ ራሴ እዚያው» ልል አፌን ስከፍት ያ መርከብ የሚሠራበት ቦታ የት እንደሆነ ትዝ አለኝ። የባሕር ወለል ነው።

«ጃንጥላ» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ትልቅ ጃንጥላ።»