እጇን ያነሳችው ለጥያቄ ነበር

ውባለም እጇን ያነሳችው ለመጠየቅ ነበር። ይህን ለባሏ ለሲላስ ነግራዋለች፤ ለንስሐ አባቷም፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጠ ለማታውቀው ሰው ሳይቀር ነግራለች። የሚሰማት ግን አጣች፤ ቴሌቪዥኑ ቀድሟታል።

ከአንድ ሩቅ አገር ጋር የጦር ስምምነት ሊፈረም ነው ተባለና፣ የሽሮ ሜዳ የሸማ ነጋዴ ሁሉ ለሕዝባዊ ውይይት ወደ ወረዳው አዳራሽ ተጠራ። ውይይት መባሉ ነው እንግዲህ። አንዱ ተነስቶ አወራ፣ ሌላው ተነስቶ ያንኑ ደገመው። የውባለም ልጅ ኖህ ወታደር ነው። እሷ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ለሰው አገር ጦርነት ይሄዳል ወይስ አይሄድም? እጇን አነሳች። መድረኩን የሚመራው የወረዳው የሕዝብ ግንኙነት ጢሞቴዎስ አየት አደረጋትና «ሰዓት አልቋል» ብሎ ስብሰባውን ዘጋው። ማታ በዜና ያቺው እጅ ብቅ አለች። ነዋሪዎቹ ስምምነቱን በሙሉ ድምፅ ደገፉ ተባለ።

በማግስቱ የሺመቤት መጣች። ሱቃቸው ግድግዳ ይጋራል፤ ልጆቻቸውም አንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ናቸው።

«ያንቺን ልጅ መሸጥ ትችያለሽ» አለቻት፤ «የኔን ግን ማን ሽጭልኝ አለሽ?»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም። ውባለምን እንቅልፍ የነሳት ይህ ነው። እሷ በሠራችው ነገር ቢሆን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር፤ ሰው ባልሠራው ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል?

ሳምንት ሳይሞላ ጢሞቴዎስ እየሳቀ ሱቋ ገባ።

«እትዬ ውባለም፣ የዚያ አገር ጄኔራሎች ወደ እንጦጦ ሲወጡ በዚህ ያልፋሉ። እናቶች ነጠላ ለብሳችሁ፣ አምራችሁ መንገድ ዳር ትቀበሉልናላችሁ።»

«ልጄ ይሄዳል ወይ?»

«እሱን የበላይ አካል ነው የሚያውቀው።»

«መደገፌን ግን አንተ ታውቃለህ።»

«እ... ማለቴ፣ ሕዝቡ ነው የደገፈው። በቃ፣ እርስዎ ደግሞ ነገር አያክርሩ።»

ደሟ ፈላ። እናቱ እዚሁ ሱቅ ነጠላ ስታማርጥ ቀሚሷን ይዞ ይነጫነጭ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ በውባለም አፍ ይናገራል።

እንግዶቹ የሚመጡ ዕለት ሲላስ በገዛ እጁ የሸመነላትን፣ ጥለቱ ቀይና ወርቃማ የሆነውን ነጠላ ለብሳ ወጣች። ሴቶቹ ተደርድረዋል፤ ለያንዳንዳቸው ትንሽ ባንዲራ ታድሏል። የሺመቤት ፊቷን አዙራ ከወዲያ ጫፍ ቆማለች። የእንግዶቹ አጃቢ ሞተሮች ድምፅ ሲሰማ ካሜራ የያዘው ልጅ ወደ እናቶቹ ተጠጋ።

ውባለም ባንዲራውን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ሰው ሳይሞት ነጠላ ማዘቅዘቅ ሟርት መሆኑን አሳምራ ታውቃለች፤ ያውም በሕይወት ባለ በገዛ ልጇ ላይ። ግን እነዚህ ሰዎች ሌላ የምትናገርበት አፍ አልተዉላትም። ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ፣ ለቀብር እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ አንገቷ ላይ አዞረችው።

ጢሞቴዎስ እየሮጠ መጣ።

«ምን ነካዎት? ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ማንም አልሞተም» አለችው ጮክ ብላ። «የሚሞተው ማን እንደሆነ ንገረኝ። ያን ቀን እጄን ያነሳሁት ይህንኑ ልጠይቅህ ነበር።»

የሺመቤት ከወዲያ ጫፍ ሰምታለች። ውባለምን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ባንዲራዋን መሬት ላይ አስቀምጣ የራሷን ነጠላ አዘቀዘቀች፤ መጥታም አጠገቧ ቆመች። ሌሎችም ተከተሉ። ሁሉም አይደሉም፤ ገሚሶቹ ፈርተው ባንዲራቸውን ማውለብለብ ቀጠሉ።

ጄኔራሉ አለባበሱ አማረው መሰል፣ በመስኮት እጁን እያውለበለበ አለፈ። ካሜራ የያዘው ልጅ ግን የአገሩ ልጅ ነው። ያየውን ስላወቀ፣ ሳያነሳቸው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።