መባ ውስጥ የተገኘው ቺፕ

ናትናኤል ቁማርን የተወው የቁማር ቺፕ በመሰብሰብ ነው ቢባል ማን ያምናል? እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ሰውየው አትላንታ ውስጥ የሆስፒታል ነርስ ረዳት ነው፤ አፉ ቁጥብ፣ እጁ ለበሽተኛ የለሰለሰ። ድሮ የሥራ ሽፍቱን ጨርሶ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ተራራ ይነዳና፣ እዚያ ካለው ካዚኖ የፖከር ጠረጴዛ ላይ ተጥዶ ይውል ነበር። ሚስቱ ሰሎሜ «መቼ ነው የምትተወው?» ስትለው መልሱ አንድ ነው፤ «ነገ»። ደሞዙን በላ፣ የቤት ኪራዩን በላ፣ በመጨረሻ ለሰሎሜ እናት ቀብር ከዘመድ አዝማድ የተዋጣውን በላ። ያን ቀን ሰሎሜ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ያስደነገጠውም ይኼው ነው። ካዚኖው ሄዶ «ከእንግዲህ ብመጣ እንዳታስገቡኝ» ብሎ በገዛ እጁ ፈረመ። ስኮትዴል ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸውም ጉባኤው ፊት ቆሞ ሁሉንም መሰከረ። ሰው እልል አለ፤ ሰሎሜ አለቀሰች።

ታዲያ ቁማር የተወ ሰው የሚናፍቀው ካርታውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጣት ራሱ ይናፍቃል። በገንዘብ ፋንታ የሚያሲዙትን ቺፕ በጣት መሃል ማገላበጥ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ሲደረድሩት የሚሰማው ያ ደረቅ ቋ ቋ! ናትናኤል እጁ ሥራ ፈቶ ሲቅበዘበዝ፣ አንድ ቅዳሜ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ውስጥ የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ ጠርዙ የተበላ ቡናማ የሸክላ ቺፕ አየ። ኢንተርኔት ላይ ሰርች ቢያደርግ፣ ቺፑን ያወጣው የኔቫዳ ቁማር ቤት ከፈረሰ ዘመን አልፎታል። የትም ይዞት ቢሄድ የማይመነዘር፣ ማንም የማይቀበለው ቺፕ! ደስ አለው፤ እንደ ልጅ ደስ አለው።

ከዚያ ወዲያ ለራሱ ሕግ አወጣ። የተዘጋ ቤት፣ የፈረሰ ቤት፣ የተቃጠለ ቤት ቺፕ ብቻ ይሰበስባል። ዛሬም በሩ የሚከፈት ካዚኖ ቺፕ እቤቱ አይገባም። ያገኘውን በለብታ ውሃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያጥባል፤ ዘይት ጠብ አድርጎበት በጨርቅ ይወለውለዋል። ያኔ የደበዘዘው ቀይ ይፈካል፤ ጠርዙ ላይ የታተመችው የፋብሪካው ምልክት፣ ትንሽ ባርኔጣና ከዘራ፣ ብቅ ትላለች። ሰሎሜ መጀመሪያ «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» አለች። እያደር ግን ለመደችው፤ ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ «እህሳ፣ አስከሬኖችህን አጥበህ ጨረስክ?» እያለች ትቀልድበት ጀመር። ቀልዷ ለእሱ ይቅርታ ነበር። ያቺን ቀልድ ላለማጣት ሲል የማያደርገው ነገር አልነበረም።

እንደ ፈረንጆቹ የ2016 ሰመር ሰው የሚያቀልጥ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑም ኤሲ ተበላሽቶ ጉባኤው በወረቀት እያራገበ ይዘምራል። በዚያው ሰሞን ናትናኤል ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ቺፕ ገዛና እቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ብዙው እሱ የሚፈልገው ዓይነት ነው፤ የሞተ። ከመሃል ግን አንድ ሐምራዊ ተንከባለለ። ሳያገላብጠው አወቀው። አምስት መቶ ዶላር፤ የዚያው የተራራው ካዚኖ። ቆርቆሮውን የሞላው ሰው ሳይመነዝረው ሞቶ ይሆናል። ዛሬ ይዘውት ቢሄዱ ዛሬ ገንዘብ ነው።

ያን ጊዜ ሰሎሜን ጠርቶ «ነይ ጉድ እዪ» ማለት ነበረበት። አላለም። ለምን? ፈራ። «ተመለሰ» ትለኛለች ብሎ ፈራ፤ እንዳልተመለሰም እርግጠኛ አልነበረም። ቺፑን የሥራ ልብሱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሳምንቱን ሙሉ በሽተኛ በዊልቼር እየገፋ በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። «እኔ ብከለከል ሰው አይከለከል፤ በሰው ልልከው እችላለሁ» የሚል ሐሳብ መጣበት፤ ራሱን ረገመ። ቆሻሻ ውስጥ ጣለው፤ ተመልሶ እጁን እስከ ክርኑ ከቶ አወጣው። ወይ ጣጣ!

እሑድ የመባ ከረጢቱ በዝማሬ መሃል አጠገቡ ሲደርስ እጁ ራሱ ወሰነ። ለጌታ የተሰጠ አይመለስም፤ ልጅ ሆኖ የተማረው ይኼንን ነው። ቺፑን በጭብጡ ደብቆ ከረጢቱ ውስጥ ጣለው። ትከሻው ቀለለው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘመረ።

የረሳው አንድ ነገር ነው፤ መባ የሚቆጠረው በእጅ ነው። በዚያ ላይ የዕለቱ ተረኛ ርብቃ አሟት ቀርታ፣ ከገንዘብ ያዡ ከጋሽ ቶሎሳ ጋር ለቆጠራ የተቀመጠችው የገዛ ሚስቱ ሰሎሜ ነበረች። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼው አይደል?

ከቆጠራው በኋላ እቤት ተመለሱ። ሰሎሜ ከጋሽ ቶሎሳ አስፈቅዳ ያመጣችውን ቺፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ተመልሰሃል።»

«አልተመለስኩም። ሰሎሜ ትሙት፣ ከቆርቆሮው ውስጥ ነው ያገኘሁት።»

«በእኔ አትማል!»

ሁሉንም ነገራት፤ ኪሱን፣ ቆሻሻውን፣ ከረጢቱን። እሷ ቆማ ሰማችው።

«አጠገቤ እየተኛህ፣ ሳምንት ሙሉ?»

«አዎ።»

«ለመባ ከረጢት ነገርክ። ለእኔ አልነገርክም።»

ናትናኤል አንገቱን ደፋ።

«እሺ፣ ቢያንስ አንድ ነገር ንገረኝ» አለች። «ሁልጊዜ ልጠይቅህ እፈልግና እተወዋለሁ። እዚያ ቤት ምን አለ? ከእናቴ ቀብር የሚበልጥ ምን አለ?»

«ልነግርሽ አልችልም። በአፍ የሚነገር ቢሆን ኖሮ ድሮ እተወው ነበር።»

በማግስቱ ከሥራ መልስ ጋሽ ቶሎሳ መጡ። ሽማግሌው የወለጋ ሰው ናቸው፤ ቅን፣ ሳቂታ፣ የቤተ ክርስቲያን ሳንቲም ከእጃቸው የማይሾልክ። ቺፑን ተቀብለው ወዲያ ወዲህ አገላበጡት።

«ይኼ ነው አምስት መቶ ዶላር? የልጅ መጫወቻ አይመስልም እንዴ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ናትናኤል ልጄ፣ እኔና ሰሎሜ ብቻ ነን ያየነው፤ ስምህን ለማንም አላነሣሁም። ግን ኤሲው እንደምታውቀው ነው። ለጌታ የተሰጠ ነገር ደግሞ አይጣልም። እስራኤል የግብፅን ወርቅ ይዘው አይደል የወጡት?» አሉት።

«ጥጃውንም የሠሩት በዚያው ወርቅ ነው፣ ጋሼ» አለ ናትናኤል።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «መጽሐፉንስ ታውቃለህ! በል እንግዲህ፣ መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ።»

«እኔ መግባት አልችልም። ፈርሜያለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

«እኔ እገባለሁ» አለች ሰሎሜ ከወዲያ። «እሱ ይነዳል። እኔ ካሽ አድርጌ እወጣለሁ።»

«ሰሎሜ፣ ተይው። ይቅር።»

«ምነው፣ ፈራህ?»

ፈርቷል፤ እንዴት አይፈራ! ነገር ግን ዓይኗ ውስጥ የቀረበለትን ፈተና አየ። ካዚኖው በር ድረስ ነድቶ፣ እግሩን ሳያነሣ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠ ታምነዋለች። እምቢ ካለ ለዘለዓለም ትጠረጥረዋለች። ትዳሩ የተንጠለጠለው በዚህ ነው ብሎ አሰበ፤ እሺ አለ። እሱ የሚፈራው ለራሱ ብቻ ነበር፤ የሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱም ከሥራ ኦፍ በሆኑበት ቀን ረፋድ ላይ ካዚኖው ደረሱ። ከበሩ ራቅ አድርጎ ፓርክ አደረገ። ሰሎሜ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች፤ ቺፑን በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። «አሁን መጣሁ» ብላው ወረደች።

ናትናኤል መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣል፤ ሩቅ ነው፣ ግን ያውቀዋል። ላቡ ጀርባው ላይ ይወርዳል። አንዴ የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈ፤ መልሶ ሰበሰበው። ጸለየ። ቺፕ መመንዘር የአፍታ ሥራ ነው፤ ሰሎሜ ግን አልወጣችም። ደወለ፤ አታነሣም። ቴክስት አደረገ፤ መልስ የለም። ጥላው ዞሮ ፀሐይ ፊቱ ላይ እስኪያርፍ ጠበቀ። ጥላኝ ሄዳ ይሆን? ፖሊስ ያዛት ይሆን? ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ፤ ተቀምጣ እየቆመረች ይሆን? ገብቶ እጇን ይዞ እንዳያወጣት፣ በዚያ በር ከገባ የተማማሉት ሁሉ አበቃ። ካልገባስ?

ወረደ። በሩ ጋ ሲደርስ የመስታወቱ በር ተከፈተና ሰሎሜ ወጣች።

ፊቷ ቀልቷል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች።

«የት ነበርሽ? ሞቼ ነበር እኮ!»

«በሩን አላለፍክም አይደል?» አለችው፤ እሱን እያየች ሳይሆን ከእሱ አሻግራ እያየች። «ጎበዝ። አመንኩህ።»

ይኼን ቃል ለመስማት ነበር የመጣው። ሰማው፤ ግን ምንም አልተሰማውም። የሚያበራውን ዓይኗን እያየ ነበርና። ያንን ብርሃን ድሮ ካዚኖው መጸዳጃ ቤት መስታወት ውስጥ፣ በገዛ ራሱ ፊት ላይ ነው የሚያውቀው።

መኪና ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ካሽ አደረግኩት» አለች ሰሎሜ። «የጋሽ ቶሎሳ አለ፤ አልጎደለም። ልወጣ ስል ቆምኩ። ምን እንደሆነ ልየው፣ አንዴ ብቻ፣ በራሴ ገንዘብ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ካርታ የምታድለው ልጅ እንዴት እንደሚጫወቱ አሳየችኝ። አሸነፍኩ፣ ናቲ። ደግሜ አሸነፍኩ።»

«ሰሎሜ...»

«ቆይ፣ ልንገርህ። ከእናቴ ቀብር ምን ይበልጣል ብዬህ አልነበር? ምንም አይበልጥም።» እንባዋ ድንገት ወረደ። «ግን እዚያ ስቀመጥ እናቴን ረሳኋት። አንተንም ረሳሁህ። ስልኬ ሲጠራ እየሰማሁ ነበር እኮ! አሁን ገባኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ገባኝ። ንዳ። ሳልመለስ ቶሎ ንዳ።»

ሞተሩን አስነሣ። ከፓርኪንጉ ወጥተው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ቀኝ እጇን አየ፤ ጭብጧ አልተፈታም። አውራ ጣቷ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

መዳፏን ከፈተች። አንዲት ቀይ ቺፕ፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የዚያው ቤት።

«አንዱን አስቀረሁት። ለአንተ ስብስብ ብዬ ነው።»

«ያ ቤት አልተዘጋም፣ ሰሎሜ።»

«አውቃለሁ።»

እጁን ዘረጋላት። «ስጪኝና በመስኮት ልወርውረው።»

ሰሎሜ ቺፑን አየችው፤ እሱን አየችው። ጣቶቿ ተመልሰው ተጨበጡ።

«ነገ» አለችው።