ረዲን የማታይ ዓይን

ሚስቴ ሀምዳ ሹፌር ሁሉ ታያለች። አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ምግብ ቤት ከፍቶ ሚስትን አትዪ ማለት አይቻልም። በሩ ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ቀና ባለች ቁጥር እኔ ሻይ ማፍያው ጋ ቆሜ እበግናለሁ።

ረዲን ብቻ አታየውም። ረዲ አሰብ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ ቁመናው ያማረ፣ ሳቁ የሚያናድድ። እሱ ሲገባ ሀምዳ አቀርቅራ ሳህኗን ታጥባለች። ስለዚህ ከሹፌር ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ፉሉ ላይ ቅቤ የምጨምርለት በገዛ እጄ ነው።

አንድ ቀን የድሬዳዋ ባቡር ዘገየና ዶክተር ንጋትወርቅ ምሳ ሊበሉ ገቡ። ሞስኮ ሄደው ስለ አንጎል የተማሩ ናቸው ይባላል። ረዲም ጥግ ላይ ይበላ ነበር። የኔ አፍ መቼ ያርፋል?

"ጓድ ዶክተር፣ የኔ ሚስት ጨዋ ናት። ያንን ሹፌር አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አይታው አታውቅም" አልኳቸው በሹክሹክታ።

ዶክተሩ ሳቁ። "ዓይኗ ስላልዞረ ነው? ሰው ብቅ ሲል ዓይን ከመዞሩ በፊት አንጎል ውስጥ ሥራው ተጀምሯል። አንዳንዶቹ ሴሎች 'እዚያ ጋ አለ' ይላሉ፤ ሌሎቹ ዓይንን 'ዙር' ብለው ያዛሉ። የሚያዙትን ዝም ብታሰኛቸውም የፊተኞቹ ተናግረው ጨርሰዋል።"

"ታዲያ ሳይዞሩም ይታያል?"

"በደንብ! እንዲያውም የሚያደክመው ዓይንን አለማዞር ነው።"

ባቡሩ ጮኸ፤ እሳቸው ሄዱ፤ እሳቱ እኔ ጋ ቀረ።

ረዲ ብርጭቆውን ጨልጦ አስቀመጠ። አልተጣራም፣ እጁንም አላነሳም። ሀምዳ እንዳቀረቀረች "ውሃ አልቆበታል፤ አድርስለት" አለችኝ።

አደረስኩለት።

ባቲ፣ የአባቷ ሱቅ ትዝ አለኝ። ዓመት ሙሉ ስመላለስ ሌላውን ደንበኛ እያየች ስታስተናግድ እኔን አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችኝም። በኛ አገር ልጅ የወደደችውን አታይም። እናቴን "ወላሂ ወዳኛለች፣ ሽማግሌ ይላክ" ያልኳትም ለዚሁ ነው።

ረዲ ከወጣ በኋላ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

"ሀምዳ፣ ረዲን ለምን አታዪውም?"

እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀና አለች።

"ምን ነካህ ከማሉ?" አለችና፣ ዓይኗን ሳትሰብር ትክ ብላ አየችኝ።