የፖስተሩ ጀርባ

አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ለሥዕልና ለፎቶ ፍሬም የሚሠራ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በየቀኑ ትራፊኩን እየተራገምኩ እመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ኤሌኒ የሚባሉ ግሪካዊት አሮጊት ሁለት ፖስተር አመጡ። ሁለቱም አገራቸው በየበጋው የሚካሄድ የቲያትርና የሙዚቃ ፌስቲቫል ማስታወቂያዎች ናቸው። የዘንድሮው ያብለጨልጫል። የዛሬ ስድሳ ዓመቱ ግን ተጨማዷል፤ ቀይ ጭንብል ተስሎበታል።

"ሳዲያ፣ አሮጌውን አደራ" አሉኝ።

እኔ ደግሞ አደራ እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ ለአሮጌው አብልጬ ለፋሁ። ሽብሽቡ እንዲጠፋ ብዬ ጠንካራ ካርቶን ላይ በሙጫ ለጠፍኩትና በማሽን ተጫንኩት። ከመለጠፌ በፊት ጀርባው ላይ በእርሳስ የተጫጫረ ነገር አይቼ ነበር። ግሪክኛ የት አውቄ! የሱቅ ዋጋ መስሎኝ አለፍኩት። ሰው እንዴት አንድ ጥያቄ ደውሎ አይጠይቅም?

ዛሬ ሊወስዱ መጡ። ቀጥ ብሎ የተዘረጋውን ጭንብል፣ ምስጋና እየጠበቅኩ፣ ፊታቸው አቆምኩት። እሳቸው ግን ምስሉን በጨረፍታ አይተው አልፈው መነጽራቸውን ከቦርሳ አወጡ።

"ገልብጪልኝ እስቲ" አሉ። "ባለቤቴ እንዳገባው የጠየቀኝ ፌስቲቫሉ ላይ ነው። አፉ ተሳስሮበት እዚህ ጀርባው ላይ ጻፈልኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ በየቀኑ አነበዋለሁ፤ ይሄን ሳምንት ብቻ ነው ያላነበብኩት።"

ያ ሙጫ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ገለበጥኩላቸው።

ነጩን ካርቶን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጠረጉና እንደገና አደረጉት።